ወፍራሙ ማጣሪያ

ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ ጁወይሪያ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ የአየር መሳቢያውን ፍርግርግ በካቻቢቴ መፍታት ጀመረች። ሦስቱን ብሎኖች ፈትታ አራተኛው ላይ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። ማን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለጋትም።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አለ ባሏ ኢብሳ። ከጀርባው ኮምባይነር ያጓራል።

"ማሽኑ እንደገና ጠፋ። ከፍቼ ልየው ብዬ ነው።"

"በካሜራው እያየሁሽ ነው። አትንኪው፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይነሳል።"

ጁወይሪያ ቀና ብላ ኮርኒሱ ጥግ ላይ የተሰካችውን ነጭ ካሜራ አየች። ኢብሳ ያስገጠማት ለአጨዳ ዲክሲስም አቦምሳም ሲሄድ ቤቱንና እናቱን ከሩቅ ለማየት ነው። በክፉ አላሰበውም። ቢሆንም ከተገጠመች ወዲህ ጁወይሪያ ኮሪደሩን ባቋረጠች ቁጥር ሻሿን ታስተካክላለች።

"ሁለት ጊዜ ራሱ ተነስቶ ሁለት ጊዜ ጠፍቷል" አለች። "ቤቱ ታፍኗል ኢብሳ። አዮ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። እኔ መስኮት..."

"መስኮት የሚባል ነገር እንዳታነሺ! ከቤቱ ጀርባ የእነ ከዲሮን ስንዴ ዛሬ ነው የሚያጭዱት። እብቁ ሁሉ ወደ እኛ ነው የሚነፍሰው። ዶክተሩ ያለውን ረሳሽው?"

"አልረሳሁም።"

"እንግዲያው ተይው።" ስልኩ ተዘጋ።

ዶክተሩ ያለውንማ ማንም አልረሳም። ባለፈው ክረምት የኢብሳን እናት፣ ቤተሰቡ 'አዮ' የሚላቸውን የአዴ ሰኪናን የደረት ፎቶ በመብራት ላይ ሰቅሎ፣ አርባ ዓመት የማድ ቤት ጭስ የሳበው ሳንባቸው መድከሙን፣ ከጭስ፣ ከአቧራና ከብርድ ካልተጠበቁ የሚቀጥለውን ክረምት መሻገራቸውን እንደሚጠራጠር ነግሯቸው ነበር። ኢብሳ እህል ነጋዴ ነው፤ ሁለት ኮምባይነርም አለው። የዚያን ቀን አላለቀሰም። በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄዶ ቤት የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ማሽን ገዝቶ መጣ።

ቤታቸው ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚያወጣው መንገድ፣ ከተማው አልቆ ስንዴው ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ማሽኑ ኮሪደሩ ግድግዳ ውስጥ ተቀምጦ ግማሹን አየር ከቤቱ፣ ግማሹን ደግሞ ጣሪያ ላይ ባለ ቱቦ ከውጭ ይስባል። በማጣሪያ አሳልፎ፣ አሙቆ፣ በኮርኒሱ ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ ወደ ሦስት ክፍሎች ይነፋል። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ከአየር መውጫው ሥር እጁን ዘርግቶ "አጂብ!" እያለ ይሄድ ነበር። ኢብሳ ብርድም አቧራም በሌላ በኩል እንዳይገባ የእናቱን ክፍል መስኮት ዙሪያውን በሲልከን ማሸጊያ አስደፈነው።

ከማሽኑ ጋር የመጣው ማጣሪያ መካከለኛ ነበር። ኅዳር ላይ አጨዳው ሲጀምር ግን ኢብሳ ለቀዶ ጥገና ክፍል የሚሆን፣ በዓይን የማይታየውን ሁሉ የሚይዝ ማጣሪያ እንዳለ ከአንድ ወዳጁ ሰማ። ከሁሉ ወፍራሙን አስመጣ። ስድስት ሳምንት ሆነው። የአዴ ሰኪና ሳል የባሰው ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ጁወይሪያ አስተውላለች፤ ኢብሳ ግን "ወቅቱ ነው" ይላል።

እሷ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ለእናቱ የሚታመን ሰው ጠፋ ተብሎ ያለ ደሞዝ ፈቃድ ወሰደች፤ "አንድ ሴሚስተር ብቻ" ተባብለው ነበር። ትናንት ዳይሬክተሩ አቶ ግዛቸው ደውለው ፈቃዷ ማለቁን፣ ሰኞ ጠዋት ካልተገኘች በቦታዋ ሌላ መምህር እንደሚመደብ ነገሯት። ማታ ለኢብሳ ስትነግረው ሳቀ። "ደሞዝሽን እጥፍ አድርጌ እኔ እከፍልሻለሁ" አለ። እየቀለደ አልነበረም። ሳቁ ከልቡ፣ ግብዣውም ከልቡ ነበር።

ካቻቢቴውን ወለሉ ላይ ትታ ወደ አማቷ ክፍል ገባች።

አዴ ሰኪና አልጋው ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ትከሻቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ይተነፍሳሉ። አፍንጫና አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነዋል። በሩ ሲከፈት ሻሹን ቶሎ አወረዱት።

"ለምን ተሸፋፈኑ፣ አዮ?"

"በረደኝ።"

ክፍሉ አልበረደም፤ የታመቀ፣ ትናንት የተተነፈሰ አየር ነው ያለው። ጁወይሪያ ትራሱን ልታስተካክልላቸው ስትጎነበስ መዳፏ ላይ አንድ ነገር ሻከራት። አየችው። ብጫ የሆነ ደቃቅ ዱቄት ነው። ወደ ላይ ቀና ስትል የአየር መውጫው ከንፈር ዙሪያውን ብጫ ሆኗል።

"ይሄ እብቅ ነው" አለች። "ከላይ ነው የሚመጣው። ከማሽኑ።"

አዴ ሰኪና ትራሱን በእጃቸው ጠረግ አደረጉ።

"ያውቁ ነበር?"

"አሁን... ምን ይሁን ነው የምትዪኝ?" አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። "ጠዋት ጠዋት አራግፈዋለሁ... አንቺ ሳትገቢ።"

"ለምን አልነገሩኝም? ለምን ለኢብሳ አልነገሩትም?"

"እንዴት ብዬ ልንገረው? 'ልጄ፣ ደስ ይበላት ብለህ የገዛኸው ነገር እያነቀኝ ነው' ልበለው?" ሳል ያዛቸው። ሳሉ ረጅም ነበር፤ ሲያበቃም አላበቃም፣ ደረታቸው ውስጥ እንደ ፉጨት ቀጠለ። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ጁወይሪያ በአፍ የሚነፋውን የትንፋሽ መድኃኒት፣ ፓፉን፣ አምጥታ ሁለቴ ነፋችላቸው። ከዚያ ከጎረቤት ግቢ ተከራይታ ለምትኖረው ነርስ ለሲስተር ሄለን ደወለች። ሄለን ከደብረ ብርሃን ተመድባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯን እንኳ ሳታስር በነጠላ ጫማ ሮጣ መጣች። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ በአዴ ሰኪና ጣት ላይ ሰካችው።

"ሰማንያ አራት" አለች ቀስ ብላ። "እንጠብቅ። ፓፉ ገና አልሠራም።"

ሁለቱም ቁጥሯን አዩ። ሰማንያ አምስት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሰማንያ ሰባት።

"ለእሳቸው ሳንባ ሰማንያ ስምንት ቢይዝልን ጥሩ ነው" አለች ሄለን። "ግን ጁወይ፣ ይሄ ክፍል አየር የለውም እኮ። እኔ ራሴ ከገባሁ ጀምሮ ከበደኝ።"

"መስኮቱ አይከፈትም።"

"ሳሎን ብናወጣቸውስ?"

"ያው አየር ነው። ማሽኑ ቆሟል። ውጭ ደግሞ..." ጁወይሪያ በመስታወቱ በኩል ጠቆመች። ከአጥሩ ማዶ ኮምባይነሩ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ከኋላው የተነሳው ብጫ ደመና ጠቅላላ ግቢውን ሸፍኖታል።

ሄለን ወደ ደመናው፣ ከዚያ ወደ ኮርኒሱ አየች። "እንግዲያው ማሽኑ መሠራት አለበት፤ ካልሆነ ሆስፒታል ነው። ከሰማንያ አምስት በታች ከወረደ አትጠብቂ፣ ባጃጅ ጠርተሽ ይዘሻቸው ነይ። እኔ ስምንት ሰዓት ተረኛ ነኝ፣ እዚያው ታገኚኛለሽ። ይቺን መለኪያ ያዢያት።"

"ሆስፒታል አልሄድም" አሉ አዴ ሰኪና ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "የኢብሳ አባት በእግሩ ገብቶ... በቃሬዛ ነው የወጣው።"

ሄለን ስትወጣ ጁወይሪያ ለቱሳ ደወለች።

ኦቦ ቱሳ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው የፍሪጅና የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ናቸው። ማሽኑን ከአዲስ አበባ ከመጡት ሰዎች ጋር ሆነው የገጠሙት፣ ወፍራሙን ማጣሪያም ያስገቡት እሳቸው ናቸው። የእቃ ሳጥናቸውን ይዘው ከባጃጅ ሲወርዱ ፊታቸው ቀድሞውንም ጥፋት እንዳለበት ሰው ነበር።

"ቲቸር፣ ደህና ዋልሽ? አዴ ሰኪና እንዴት ናቸው?"

"ደህና አይደሉም። ይዩት እስቲ።"

ቱሳ የቀረውን ብሎን ፈትተው ፍርግርጉን አነሱ። ማጣሪያው በመሳቡ ኃይል ወደ ውስጥ ጎብጦ እንደ ቀስት ታጥፏል። ፊቱ በግራጫና በብጫ እብቅ ተለብዷል፤ ግራና ቀኝ ከጎበጠው ጠርዝ አጠገብ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ቱሳ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ማሽኑን አስነስተው ከሳጥናቸው ሶፍት ወረቀት አውጥተው ሳሎን ባለው የአየር መውጫ ሥር ያዙት። ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ።

"አየሽ? መንሳፈፍ ነበረበት። አየር የለም።" ማሽኑን አጠፉት። "ይሄ ማጣሪያ ለማሽኑ ከበደው። በወፍራም ጋቢ አፍንጫውን አስረው ዳገት ውጣ እንደተባለ ሰው ነው። አየር ሲያጣ ውስጡ ይግልና ራሱን ያጠፋል። በጉልበት ሲስብ ደግሞ ማጣሪያውን ያጎብጠውና በጎን በኩል ሳይጣራ ያስገባል። አቧራውም ቱቦው ውስጥ ይተኛል።"

ጁወይሪያ ላቦራቶሪዋ ትዝ አላት። ተማሪዎቿ ፈሳሽ አጣሩ ሲባሉ ሁልጊዜ ጠንካራውን የማጣሪያ ወረቀት ይሻማሉ፤ ከዚያ ክፍለ ጊዜው አልቆ ደወል ሲደወል ገና ጠብ፣ ጠብ ይላል። ለምን እንዲያ እንደሚሆን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ አስረድታለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ግን በዚህ ግድግዳ አጠገብ እያለፈች አንድ ቀን እንኳ አላሰበችውም።

"ሲገጥሙት ያውቁ ነበር፣ ኦቦ ቱሳ?"

ቱሳ ሶፍቱን ጨብጠው አኮማተሩት። "ወላሂ፣ ጠርጥሬ ነበር። 'ኢብሳ፣ ይሄ አይበዛበትም?' አልኩት። 'ለእናቴ የሚበዛ ነገር የለም' አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? ዝም ብዬ ገጠምኩት።"

"አሁን ምን ይሻላል?"

"ሦስት ዓይነት ነው ያለው። አንዱ እየታጠበ የሚመለስ የፕላስቲክ መረብ ነው፤ ትልልቁን ገለባ ይይዛል እንጂ ደቃቁን ያሳልፋል፣ ለእሳቸው አይሆንም። አንዱ ይሄ ነው። መሃለኛው፣ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈው ወረቀት፣ ለዚህ ማሽን ልኩ እሱ ነው። ግን በአጨዳ ወቅት በየወሩ መቀየር አለበት፤ 'ገና ነጭ ነው፣ ይቆይ' አይባልም። በልኩ የሚሆኑ ሁለት ፍሬ ሱቄ ውስጥ አሉኝ።"

"ይቀይሩት።"

ቱሳ አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸውን ወደ ካሜራዋ ሰረቅ አደረጉ። "ኢብሳን እንጠይቀው።"

ጠየቁት። ጁወይሪያ ስልኩን በስፒከር አድርጋ፣ ቱሳ ያሉትን ሁሉ ለኢብሳ አንድ በአንድ ነገረችው። የመለኪያውንም ቁጥር ነገረችው። ከስልኩ ውስጥ ኮምባይነሩ ይሰማል።

"ሰማንያ አራት ምን ማለት ነው?" አለ ኢብሳ።

"መጥፎ ማለት ነው።"

"እንግዲያው መሃለኛ ግጠሙ ማለት ምንድን ነው? ታማ ሳለ ጥሩውን አውጥቼ ደህናውን ላስገባ? ቱሳ! ከሁሉ የተሻለውን ነው የገዛሁት። እጅህን እንዳታሳርፍበት። ማሽኑ ችግር ካለበት የአዲስ አበባዎቹን ሰኞ አመጣለሁ።"

"ሰኞ ሩቅ ነው ኢብሳ" አለች ጁወይሪያ።

"ፓፉን ስጫት። ከአጠገቧ አትለዪ።" ዘጋው።

ቱሳ ካቻቢቴውን ወደ ሳጥናቸው መለሱ። "ቲቸር፣ ይቅርታሽን። የተከራየሁት ሱቅም የእህል መጋዘኑም የእሱ ነው፣ የመጋዘኑን ማቀዝቀዣ የማየው እኔ ነኝ። ዘመዱ ደግሞ ግማሽ አሰላ ነው። እኔም ቤተሰብ አለኝ።"

ከክፍሉ ውስጥ ፉጨቱ ለጁወይሪያ ይሰማታል፤ ይስባል፣ ይቆማል፣ ይስባል። ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። ኢብሳ ክፉ ሰው ቢሆን ታውቅበት ነበር። ይህ ግን እናቱን የሚወድ ሰው ነው፤ ማጣሪያውን ያወፈረው ፍቅሩ ነው፣ መስኮቱን የደፈነውም ፍቅሩ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በምን አፍ ይጮኹበታል?

ተንበረከከች። ሁለት እጇን ከጎበጠው ማጣሪያ ጠርዝ ሰክታ ሳበችው። ተጣብቆ ነበር። እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ እንደገና ሳበችው፤ እየተንጓጓ ወጣና የእብቅ ናዳ ቀሚሷ ላይ ወረደ። አፏን በክንዷ ሸፍና አሳለች።

"አወጣሁት" አለች። "እርስዎ አልነኩትም፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ኢብሳ እያየ ነው። እያየ አዲሱን ይግጠሙት።"

ቱሳ ካሜራዋን አዩ፣ እሷን አዩ። ቀሚሷ ብጫ ሆኗል። "ማጣሪያ ሳይኖረው እንዳታስነሺው" አሉ በመጨረሻ። "በግማሽ ሰዓት እመለሳለሁ።"

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ጁወይሪያ አየችው፣ ወለሉ ላይ በፊቱ ደፋችው። እስኪያበቃ ጮኸ፤ እንደገና ጀመረ። ቀሚሷን ቀይራ፣ እጇን ታጥባ፣ መለኪያዋን ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች።

ሰማንያ ስድስት።

"ኮቱ፣ ኮቱ" አሉ አዴ ሰኪና አልጋውን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ። ጁወይሪያ አጠገባቸው ተቀመጠች። "ስልኩ... የሱ ነው?"

"የሱ ነው።"

"ስትሳደቡ ሰማሁ።"

"አልተሳደብንም፣ አዮ።"

"ብትሳደቡ ይሻል ነበር።" ትንሽ አረፉ። "ኢብሳ ሲወድ ይጫናል። አባቱም እንዲሁ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ... ብርድ እንዳይነካት ብሎ ጎጆውን ዘግቶ ውስጡ እሳት አነደደ። አርባ ቀን ሙሉ። ሰው ሁሉ 'እንዴት ይወድሻል' ይለኛል።" ፈገግ አሉ፤ ፈገግታውን ሳሉ ወሰደው። "እኔም አልተናገርኩም። ወግ ነው፣ አይነገርም።"

ጁወይሪያ ጀርባቸውን እያሻሸች ጠበቀች። ሳሉ ሲበርድ አዴ ሰኪና እጇን ያዙ።

"ትናንት ማታ የነገርሽውን ሰምቻለሁ። የትምህርት ቤቱን።"

"እሱ ይቆይ አዮ። አሁን እርስዎ ይዳኑልኝ።"

"ይቆይ ያልሽው ነገር ይቀራል" አሉ አሮጊቷ፤ ከዚያ በላይ ትንፋሽ አልነበራቸውም።

ጁወይሪያ ሰዓቷን አየች። ሃያ ደቂቃ። ከግድግዳው ማዶ ኮምባይነሩ ዞሮ ሲመጣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ሰማንያ አምስት። ቱሳ ሀሳባቸውን ቀይረው ቢቀሩስ? ባጃጅ ብትጠራ በዚያ ደመና ውስጥ እንዴት አድርጋ ታሳልፋቸዋለች? ማጣሪያውን ነቅላ ማሽኑ እንዳይነሳ ያደረገችው እሷ ናት፤ አሁን አንድ ነገር ቢሆኑ ማንም ስለ እብቅና ስለ ክፍተት አይሰማትም። "አትንኪ ተብላ ነካች" ነው የሚባለው። ለባጃጅ ነጂ ልትደውል ስልኳን ከኮሪደሩ ወለል ላይ ስታነሳ የግቢው በር ተንኳኳ።

ቱሳ ነበሩ። ሁለት ስስ ካርቶኖች በብብታቸው ይዘዋል።

ቱሳ የማሽኑን አፍ ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ፤ ጨርቁን ሦስት ጊዜ አጠቡት። የማጣሪያው ክፈፍ ላይ ያለችውን ቀስት ለጁወይሪያ አሳዩዋት። "አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው የምትዞረው፣ ወደ ማሽኑ። ከተገለበጠ ዋጋ የለውም።" በእስክሪብቶ የዕለቱን ቀን ጻፉበትና አስገቡት። ጠርዙን በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱ፤ ክፍተት የለም። ቱቦው ውስጥ የተኛው አቧራ በአንዴ እንዳይነፋባቸው የአዴ ሰኪናን ክፍል የአየር መውጫ ለጊዜው ዘግተው፣ መጀመሪያ በሳሎኑ በኩል ብቻ አስነሱት። ሶፍቱ ወረቀት ተነስቶ ተንሳፈፈ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ አዴ ሰኪናን ደግፈው ወደ ሳሎን አወጧቸው። ሶፋው ላይ ትራስ ደርድረው አስቀመጧቸው። ቱሳ የክፍላቸውን ቱቦ ሊያጸዱ ሲገቡ ጁወይሪያ ከአዴ ሰኪና እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቁጥሯን ትጠብቅ ጀመር። ሰማንያ ስድስት። ለረጅም ጊዜ ሰማንያ ስድስት። ከዚያ ሰማንያ ስምንት። የአዴ ሰኪና ትከሻ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ወረደ። ፉጨቱ አልጠፋም፣ ግን ራቀ። ዘጠና ሲሞላ አሮጊቷ አፋቸውን ከፈት አድርገው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ስምንት ሰዓት ገደማ የኢብሳ ፒክአፕ ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከዲክሲስ እስከ አሰላ እንዴት አድርጎ እንደነዳው የመኪናው ጎማ ይናገራል። ኢብሳ ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወጥቶ በሩን በረገደው። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ጃኬቱ ሁሉ እብቅ ነው።

ጁወይሪያ በሩ ላይ ጠበቀችው። "እንዲህ ሆነህ አትገባም።"

"ምን?"

"ጃኬትህን አውልቅ። ፊትህን ታጠብ። ተኝተዋል።"

"ስንት ጊዜ ደወልኩ! አትንኪ ያልኩሽን ነቅለሽ፣ ስልክ ደፍተሽ... መንገድ ላይ ምን ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። እኔም ያንኑ ነበር የማስበው።" ከበሩ አልተነሳችም። "ጃኬትህን።"

ኢብሳ ራሱን ቁልቁል አየ። ከእጅጌው ላይ ብጫ ዱቄት ምንጣፉ ላይ ይረግፋል። ጃኬቱን አውልቆ ውጭ ጣለው። በረንዳው ላይ ባለው ቧንቧ ፊቱንና አንገቱን ታጥቦ፣ በካልሲው ገባ። እናቱ ነቅተው ያዩታል።

"አዮ፣ እንዴት ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ኮቱ፣ ተቀመጥ።" ሲቀመጥ እጁን ያዙት። "ስድስት ሳምንት ዋሸሁህ ልጄ። ያ የገዛኸው ነገር እያፈነኝ ነበር። እብቁ ትራሴ ላይ ያድር ነበር። ልብህ እንዳይሰበር ብዬ እኔ ነኝ የደበቅኩት። ጁወይሪያን አንድ ነገር ብትል አላህ ያየሃል።"

ኢብሳ ተነስቶ ወደ ኮሪደሩ ሄደ። የወጣው ማጣሪያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አገላብጦ አየው። ወደ ማሽኑ የነበረው ጀርባው መሃሉ ነጭ ነው፣ ግራና ቀኙ ግን ብጫ መስመር ወርዶበታል። ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደና የተጣበቀበትን ተመለከተ። ቱሳ የእቃ ሳጥናቸውን እየዘጉ፣ እንዳላዩ ሆኑ።

"ከሁሉ የተሻለው ነበር" አለ ኢብሳ፣ ለማንም ሳይሆን።

"ለቀዶ ጥገና ክፍል፣ አዎ" አሉ ቱሳ። "ይቺ ማሽን ግን ለእሱ አልተሠራችም። ያኔ በደንብ ልነግርህ ይገባ ነበር። ጥፋቱ የኔም ነው።"

"ትልቅ ማሽን አመጣለሁ።"

"ኢብሳ!" አሉ እናቱ ከሳሎን። "ተው! ይብቃ።"

ኢብሳ በመዳፉ ፊቱን አሸት አሸት አደረገ። ደክሞታል፤ ድምፁም ለስልሷል። አጠገቧ መጥቶ ሲቆም ጁወይሪያን የስንዴ ሽታ ሸተታት።

"እሺ። አንቺ ትክክል ነበርሽ፤ አልክድም" አለ። "በየወሩ ይቀየር ከተባለም ይቀየራል። አንቺ እዚሁ ስላለሽ ትከታተይዋለሽ። ከአንቺ የተሻለ የሚያውቀውም የለም። ለግዛቸው እኔ እደውልለታለሁ፣ ሌላ ሰው ይፈልግ።" ትከሻዋን ነካ አደረገ። እያመሰገናት ነበር።

ጁወይሪያን ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ ተሰማት። ከባድ አልነበረም። ማሽኑ ከግድግዳው ውስጥ ዝግ ባለ ድምፅ ይሠራል። በዚህ ኮሪደር ላይ በየወሩ እንደምትንበረከክ፣ ጥርም፣ የካቲትም፣ ከዚያም የሚመጣው ዓመት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታያት፤ አመስግኖ ነው በሩን የዘጋባት።

ቱሳ ስልካቸውን አውጥተው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። "የደንበኞቼን ስልክ እዚህ እመዘግባለሁ" አሉ። "ወሩ ሲሞላ ራሱ ያስታውሰኛል፣ እኔ ደግሞ እደውላለሁ። ሁለተኛውን ማጣሪያ እዚህ ትቼዋለሁ፤ መግጠሙ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የማንን ቁጥር ልጻፍ? ያንቺን ነው፣ ቲቸር?"

"ዜሮ ዘጠኝ..." ብላ ጀመረችና ቆመች። ኢብሳ ሳሎን ወዳሉት እናቱ ሊሄድ ዞሯል።

ከዚያ ቁጥሩን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ቱሳ እንዲደርሱባት ቀስ እያለች ጠራችላቸው። ኢብሳ በሳሎኑ በር ላይ ቆመ። የጠራችው የእሱን ቁጥር ነበር።

"እሱ እኮ ሜዳ ነው የሚውለው" አሉ ቱሳ ጣታቸውን ስልኩ ላይ አንጠልጥለው።

"ሜዳ ላይም ስልኩ ይሠራል" አለች ጁወይሪያ። "እኔ ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ስልኬ ዝግ ነው።"